ፒውተር

ፒውተር በዋናነት ከቆርቆሮ የሚሠራ የብረታ ብረት ቅይጥ ነው። መልኩ ወደ ብር የሚጠጋ ግራጫ ሲሆን ለስላሳ፣ በቀላሉ የሚቀረጽና በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ነው። ዛሬ በሚሠራው ፒውተር ውስጥ የቆርቆሮው ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ ከ90 በመቶ በላይ ነው፤ ቀሪው አንቲሞኒና መዳብ፣ አንዳንዴም ቢዝመት ወይም ጥቂት ብር ይሆናል። በቀደሙት ዘመናት ግን ብዙ ጊዜ እርሳስ ይጨመርበት ነበር።

ከመካከለኛው ዘመን መጨረሻ እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ፒውተር በአውሮፓ ከተሞች ተራ የገበታ ዕቃ ነበር። ሳህን፣ ማንኪያ፣ ኩባያ፣ ማንቆርቆሪያ፣ መቅረዝና የጨው ማቅረቢያ ይሠራበት ነበር። ከገበታ ውጭም ለቤተ ክርስቲያን ዕቃ፣ ለተሳላሚዎች ምልክት፣ ለኦርጋን ቧንቧና ለሙዚቃ ኖታ ማተሚያ አገልግሏል። የፒውተር ታሪክ በአንድ በኩል ብር መግዛት ያልቻለ ሰው ገበታውን ያሳመረበት ታሪክ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ሰዎች የሚበሉበት ሳህን ከምን እንደተሠራ ለማወቅና ለመቆጣጠር ያደረጉት የረጅም ዘመን ጥረት ታሪክ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ናቸው።

ስያሜው እና «ቆርቆሮ» የሚለው ቃል

በአማርኛ «ቆርቆሮ» ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው የቤት ጣሪያ ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ ግን ቆርቆሮ ከተባለው ንጥረ ነገር የተሠራ አይደለም፤ እንዳይዝግ በዚንክ የተለበጠ የአረብ ብረት ዝርግ ነው። የታሸገ ምግብ የሚመጣበት ጣሳም ቢሆን በአብዛኛው አረብ ብረት ሲሆን ቆርቆሮው በላዩ ላይ የተቀባ በጣም ስስ ሽፋን ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ቆርቆሮ» የተባለው በኬሚስትሪ የአቶም ቁጥሩ 50 የሆነው ንጥረ ነገር ነው። ይህ ንጥረ ነገር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 31 ከወርቅ፣ ከብር፣ ከናስ፣ ከብረትና ከእርሳስ ጋር አብሮ ተዘርዝሯል።

በስም መደባለቅ ረገድ አማርኛ ብቻውን አይደለም። በፈረንሳይኛ «ኤታን»፣ በጀርመንኛ «ጺን» የሚሉት ቃላት ንጥረ ነገሩንም ከእሱ የሚሠራውን ቅይጥም ያመለክታሉ። ፒውተር ለሚለው ስም በአማርኛ የተለመደ የራሱ ቃል ስለሌለ እዚህ ላይ የውጭው ስም እንዳለ ተወስዷል።

ይዘቱና ዓይነቶቹ

ንጹሕ ቆርቆሮ ብቻውን ለዕቃ መሥሪያ በጣም ለስላሳ ነው። ስለዚህ እንዲጠነክር ሌላ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል፤ ምን እንደተጨመረበትና ምን ያህል እንደሆነ የፒውተሩን ደረጃ ይወስናል።

• መዳብ፦ ጥቂቱ ብቻ ቅይጡን ያጠነክራል። መጠኑ ሲበዛ ግን የመቅለጫ ሙቀቱን ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ድርሻው ብዙውን ጊዜ ከጥቂት በመቶ አያልፍም።
• አንቲሞኒ፦ ጥንካሬና ደማቅ ገጽታ ይሰጣል። በዘመናዊ ፒውተር ውስጥ ከቆርቆሮ ቀጥሎ ብዙውን ጊዜ ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው እሱ ነው።
• ቢዝመት፦ ያጠነክራል፤ የመቅለጫ ሙቀቱንም ዝቅ ያደርጋል።
• እርሳስ፦ ከቆርቆሮ በጣም ስለሚረክስ ወጪ ይቀንሳል፤ በቀላሉ እንዲቀልጥም ያደርጋል። ነገር ግን ዕቃውን ያከብደዋል፣ መልኩን ያጠቁረዋል፣ ከሁሉም በላይ መርዛማ ነው።

በእንግሊዝ አገር የነበሩ ባለሙያዎች ቅይጡን በደረጃ ይከፍሉት ነበር። ከፍተኛው ደረጃ ቆርቆሮና ጥቂት መዳብ ብቻ የነበረበት ሲሆን በተለይ ለምግብ ሳህን ይውል ነበር። መካከለኛው ለኩባያና ለመሳሰሉት ጎድጓዳ ዕቃዎች ይሆናል። ዝቅተኛው ብዙ እርሳስ ያለበት ሲሆን ከምግብ ጋር እምብዛም ለማይገናኙ ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ለሻማ ቅርጽ ማውጫ ያገለግል ነበር። በጀርመን የኑረምበርግ ከተማ ደግሞ ለ10 እጅ ቆርቆሮ 1 እጅ እርሳስ የሚል የታወቀ መመዘኛ ነበር።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ «ብሪታኒያ ሜታል» የተባለ ቅይጥ ታወቀ። የተለመደው ይዘቱ 92 በመቶ ቆርቆሮ፣ 6 በመቶ አንቲሞኒና 2 በመቶ መዳብ ነው፤ እርሳስ የለበትም። ከጥንካሬው የተነሣ ወደ ስስ ዝርግ ሊዳመጥ ይችላል፤ ስለዚህ ለፋብሪካ ሥራ ተስማሚ ሆነ። የዛሬው ፒውተር በአብዛኛው የዚህ ቅይጥ ተከታይ ነው።

ባሕርያቱ

የመቅለጫ ሙቀት። ፒውተር እንደ ይዘቱ ከ170 እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መካከል ይቀልጣል። መዳብ የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ፣ ብር ደግሞ በ962 ዲግሪ ነው። ይህ ልዩነት ፒውተርን ለአነስተኛ የእጅ ባለሙያ ምቹ አድርጎታል፤ ወናፍና ትልቅ ምድጃ ሳያስፈልገው በተራ የማብሰያ እሳት ላይ ሊቀልጥ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ቆርቆሮ የሚቀልጠው በ232 ዲግሪ፣ እርሳስ ደግሞ በ327 ዲግሪ ነው። 63 እጅ ቆርቆሮና 37 እጅ እርሳስ ሲቀላቀሉ ግን ቅይጡ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ይህም ከሁለቱም ያነሰ ነው። ምክንያቱም የሁለቱ አቶሞች በጠጣርነታቸው አንድ ሥርዓት ይዘው ለመደርደር ስለሚቸገሩ፣ በፈሳሽነት ተደባልቀው መቆየቱ ይቀላቸዋል። ይኸው የ63 እና የ37 ቅይጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሬዲዮ፣ የቴሌቪዥንና የኮምፒውተር ክፍሎች በሰሌዳቸው ላይ ሲበየዱበት የኖረው መበየጃ ነው። ስለዚህ የጥንቱ የፒውተር ሳህንና የአሮጌ ኮምፒውተር ሰሌዳ መበየጃ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው።

ለስላሳነት። ፒውተር በቀላሉ ይጫራል፣ ይጎብጣልም። መዳብ ወይም ብር በመዶሻ ሲቀጠቀጥ እየጠነከረ ስለሚሄድ በየመሀሉ በእሳት ማለስለስ ያስፈልጋል። ፒውተር ግን በተራ የክፍል ሙቀት ስለሚያገግም ያለ እሳት ረጅም ጊዜ ሊቀጠቀጥ ይችላል።

ድምፅ። የንጹሕ ቆርቆሮ ዘንግ ሲታጠፍ የሚንጫጫ ድምፅ ይሰማል፤ ይህም «የቆርቆሮ ጩኸት» ይባላል። ድምፁ የሚመጣው በውስጡ ያሉት ክሪስታሎች በድንገት አቅጣጫ ሲለውጡ ነው። የጥንት ባለሙያዎች ይህን ድምፅ ለጥራት መገመቻ ይጠቀሙበት ነበር፤ እርሳስ ሲበዛ ድምፁ ይጠፋልና።

ዝገት። ፒውተር እንደ ብረት አይዝግም፤ እንደ ብርም ፈጥኖ አይጠቁርም። ከጊዜ ብዛት ግን ገጹ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይፈጠርና ይደበዝዛል። እርሳስ የበዛበት ይበልጥ ይጠቁራል።

የቆርቆሮ በሽታ። ንጹሕ ቆርቆሮ ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ለረጅም ጊዜ ከቆየ የአቶሞቹ አደራደር ተለውጦ ግራጫ ዱቄት ወደመሆን ሊሄድ ይችላል። ለውጡ ይበልጥ የሚፈጥነው በጠንካራ ብርድ ነው። ጥቂት አንቲሞኒ ወይም ቢዝመት መጨመር ይህን ይከላከላል። በ1812 ወደ ሩሲያ የዘመተው የናፖሊዮን ሠራዊት የልብስ ቁልፎቹ በዚህ ምክንያት ፈርሰውበት ነበር የሚለው ተረት በሰፊው ይነገራል፤ ነገር ግን ማስረጃ ያልቀረበለት ነው። ለውጡ በተፈጥሮው ዘገምተኛ መሆኑም ተረቱን ያዳክመዋል።

አሠራሩ

ዋናው የአሠራር ዘዴ ማፍሰስ ነው። የቀለጠው ቅይጥ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈስሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይወጣና ይላጋል። ቅርጽ ማውጫው ከድንጋይ፣ ከሸክላ ወይም ከነሐስ ሊሆን ይችላል። የነሐሱ ለብዙ ዘመን ስለሚያገለግል ተመራጭ ነበር፤ ግን በጣም ውድ ስለሆነ ብዙ ባለሙያዎች በጋራ ይገለገሉበት ወይም ይዋዋሱት፣ ከአባት ወደ ልጅም ያወርሱት ነበር። ከዚህ የተነሣ የአንድ ሳህን ቅርጽ ሳይለወጥ ለትውልዶች ሊቆይ ይችል ነበር።

ከቅርጽ ማውጫ የወጣው ዕቃ በቶርኖ ላይ እየዞረ ይላጋል። ሳህን ከሆነ ጎኑ በመዶሻ ይመታል፤ ይህም ያጠብቀዋል። ማንቆርቆሪያና ኩባያ የመሳሰሉት ደግሞ በክፍል በክፍል ይፈስሱና በመበየድ ይገጣጠማሉ። ብየዳው ከባድ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የመበየጃውና የዕቃው የመቅለጫ ሙቀት ተቀራራቢ ስለሆነ እጁ ያልጠና ሠራተኛ መገጣጠሚያውን ሳይሆን ዕቃውን ራሱን ሊያቀልጠው ይችላል።

በፋብሪካ ዘመን የቅይጡን ዝርግ በሚሽከረከር እንጨት ላይ እየተጫኑ ቅርጽ ማስያዝ ተለመደ። ዛሬ ደግሞ ጌጣጌጦችና ትናንሽ ምስሎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ከሲልከን ጎማ በተሠራ፣ በፍጥነት በሚሽከረከር ቅርጽ ማውጫ ነው። ጎማ የቀለጠ ብረት ሊሸከም መቻሉ እንግዳ ቢመስልም የፒውተር ዝቅተኛ የመቅለጫ ሙቀት ይህን ይፈቅዳል።

ያረጀ ወይም የተሰበረ የፒውተር ዕቃ አይጣልም፤ ተመልሶ ይቀልጣል። የኢትዮጵያ አንጥረኞች የማርያ ቴሬዛን ብር እያቀለጡ ጌጥ ይሠሩበት እንደነበረው ሁሉ፣ በአውሮፓም የተጎዳው ሳህን ለባለሙያው ተመልሶ በአዲስ ይለወጥ ነበር። የሚዞሩ ሠራተኞችም ከመንደር መንደር እየሄዱ የተሰበሩ ማንኪያዎችን አቅልጠው እንደገና ያፈስሱ ነበር። ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን በ1838 ባወጣው የቆርቆሮው ወታደር ተረት ውስጥ 25ቱ ወታደሮች ወንድማማቾች የሆኑት ሁሉም ከአንድ አሮጌ ማንኪያ ስለተሠሩ ነው። ፒውተር በጣም ብዙ ተሠርቶ ሳለ ከጥንቱ የተረፈው ጥቂት የሆነውም በዋናነት በዚህ በመልሶ ማቅለጥ ልማድ ምክንያት ነው።

ታሪክ

ጥንታዊ ዘመን። ከታወቁት የፒውተር ዕቃዎች ሁሉ የቀደመው በግብፅ መቃብር ውስጥ የተገኘ ሲሆን ዕድሜው ወደ 1450 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ይገመታል። በሮማውያን ዘመን ቅይጡ በስፋት ተሠርቷል፤ በተለይም በብሪታንያ በ3ኛውና በ4ኛው ክፍለ ዘመን። ደቡብ ምዕራብ ብሪታንያ፣ በተለይ ኮርንዎል፣ በቆርቆሮ ማዕድን የታወቀ አካባቢ ነበር። በዚያው አቅራቢያ በምትገኘው ባዝ ከተማ በፍል ውኃው ምንጭ ውስጥ ወደ 130 የሚጠጉ የእርግማን ጽሑፎች ተገኝተዋል፤ የተጻፉትም በእርሳስና በእርሳስና ቆርቆሮ ቅይጥ ስስ ዝርግ ላይ ነው። ልብሱ ወይም ገንዘቡ የተሰረቀበት ሰው ሌባው እንዲቀጣለት ለአምላኳ እየጻፈ ወደ ምንጩ ይወረውር ነበር።

መካከለኛው ዘመን። ብር መግዛት ያልቻሉ አብያተ ክርስቲያናት ጽዋቸውን በፒውተር ያሠሩ ነበር። በ1175 በዌስትሚንስተር የተሰበሰበው ጉባኤ ግን ጳጳሳት የፒውተር ጽዋ እንዳይባርኩ ከለከለ። ያም ሆኖ የፒውተር ጽዋ ከካህናት ጋር በመቃብር ይቀመጥ ነበር፤ ከምድር ተቆፍረው የተገኙት ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው።

በዚሁ ዘመን የተሳላሚዎች ምልክት ትልቅ ገበያ ሆነ። ሊቀ ጳጳሱ ቶማስ ቤኬት በ1170 በካንተርበሪ ካቴድራል ከተገደለ በኋላ ወደ መቃብሩ የሚጎርፈው ሕዝብ ከቆርቆሮና ከእርሳስ ቅይጥ የተሠራ ትንሽ ምልክት ገዝቶ በኮፍያው ወይም በልብሱ ላይ ይሰካ ነበር። ምልክቶቹ በድንጋይ ቅርጽ ማውጫ በብዛት ይፈስሱ ስለነበር ድሃውም መግዛት ይችል ነበር።

በጀርመን አገር ወደ አኸን ለሚሄዱ ተሳላሚዎች ከዚሁ መሰል ቅይጥ የተሠሩ ትናንሽ መስተዋቶች ይሸጡ ነበር። በ1430ዎቹ መጨረሻ በስትራስቡርግ በዚህ ንግድ ውስጥ ከነበሩት አንዱ ዮሐንስ ጉተንበርግ ነው። ጉዞው በ1439 ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ ወደ 1440 ተላለፈ፤ በሽርክናው ውስጥም ክርክር ተነሣ። ጉተንበርግ ከዚያ በኋላ የሚታወቅበትን የኅትመት ሥራ ሠራ። ለኅትመት ፊደል የሚሆነው ቅይጥም እርሳስ፣ ቆርቆሮና አንቲሞኒ ነው፤ ማለትም ከፒውተር ጋር በንጥረ ነገሮቹ አንድ ሆኖ በመጠን የሚለይ ነው።

የሙያ ማኅበራትና ቁጥጥር። የለንደን የፒውተር ባለሙያዎች በ1348 የሙያ ደንባቸውን አስጸደቁ። ደንቡ የትኛው ዕቃ ከየትኛው ቅይጥ እንደሚሠራ ይወስናል። በ1474 ማኅበሩ ከንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛ የንግሥና ቻርተር አገኘ፤ በዚህም ፈታሾቹ ወደ ሱቆች እየገቡ ጥራት የሌለውን ዕቃ የመያዝ ሥልጣን አገኙ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የወጣ ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ ባለሙያ በዕቃው ላይ የራሱን ምልክት እንዲመታ አስገደደ። ምልክቶቹ በማኅበሩ አዳራሽ በተቀመጡ ሰሌዳዎች ላይ ይመዘገቡ ነበር፤ የቀደሙት ሰሌዳዎች በ1666ቱ የለንደን ታላቅ ቃጠሎ ጠፍተዋል።

ፈታሾቹ ያለ ላቦራቶሪ እርሳስ የሚያውቁበት ዘዴ ቀላል ነበር። ከንጹሕ ቆርቆሮ በአንድ ቅርጽ ማውጫ ኳስ ይሠራል፤ ከሚጠረጠረው ዕቃ በተወሰደው ቅይጥም በዚያው ቅርጽ ማውጫ ሌላ ኳስ ይፈስሳል፤ ከዚያ ሁለቱ ይመዘናሉ። የቆርቆሮ እፍግታ በሴንቲ ሜትር ኩብ 7.3 ግራም፣ የእርሳስ ደግሞ 11.3 ግራም ያህል ስለሆነ እርሳስ ያለበት ኳስ ይከብዳል። ለምሳሌ የንጹሕ ቆርቆሮው ኳስ 100 ግራም ቢሆን፣ በክብደት 20 በመቶ እርሳስ ያለበት እኩያው ወደ 108 ግራም ይመዝናል። የ8 ግራም ልዩነት በተራ ሚዛን ላይ ይታያል፤ ስለዚህ አጭበርባሪውን ለመያዝ ይህ ይበቃ ነበር።

የድምቀት ዘመኑ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፒውተር ከባለጸጎች ቤት ወደ መካከለኛው ኅብረተሰብ ወረደ። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሃሪሰን በ1577 ስለ አገሩ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በመንደሩ ያሉ ሽማግሌዎች በዕድሜያቸው ካዩት ትልቅ ለውጥ አንዱ የእንጨት ገበታ በፒውተር መተካቱ እንደሆነ መዝግቧል። 12 ትላልቅ ሳህኖች፣ 12 ጎድጓዳ ሳህኖችና 12 ትናንሽ የማባያ ሳህኖች አንድ ሙሉ ስብስብ ይባሉ ነበር። መግዛት ያልቻለ ለድግስ ይከራያል።

በጌጥ ረገድ ከታወቁት ሥራዎች አንዱ ፍራንሷ ብሪዮ በ1580ዎቹ የሠራው የእጅ መታጠቢያ ትልቅ ሳህን ነው። የኑረምበርጉ ካስፓር ኤንደርላይን በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይህንኑ ንድፍ በራሱ ቅርጽ ማውጫ ደግሞ ሠራው። በዊምብልደን የሜዳ ቴኒስ ውድድር ለሴቶች ነጠላ አሸናፊ የሚሰጠው፣ በ1864 የተሠራው የብር ሳህን የዚህ ንድፍ ቅጂ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ በቴሌቪዥን የሚታየው የብር ሽልማት መነሻው የፒውተር ሥራ ነው።

ውድቀቱ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ርካሽ የሸክላ ሳህን፣ ፖርሴሊንና ብርጭቆ ገበያውን ያዙ። እነዚህ አይጫሩም፣ ለማጠብ ይቀላሉ፣ ቀለምም አላቸው። ፒውተር ከገበታው ቀስ በቀስ ወጥቶ በመጠጥ ቤት ኩባያና መስፈሪያ፣ በኋላም በጌጥና በሽልማት ዕቃ ተወሰነ።

ሌሎች ባህላዊ አገልግሎቶች

ሙዚቃ። የብዙ ኦርጋኖች ቧንቧ የሚሠራው ከቆርቆሮና ከእርሳስ ቅይጥ ነው፤ የሁለቱ መጠን በድምፁና በቧንቧው ጥንካሬ ላይ ለውጥ ያመጣል። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ደግሞ የሙዚቃ ኖታ በፒውተር ሰሌዳ ላይ በብረት ማኅተም እየተመታ ይታተም ነበር። ቅይጡ ለስላሳ በመሆኑ ስሕተት ሲገኝ ቦታውን ከጀርባ በመዶሻ መትቶ አስተካክሎ እንደገና መቅረጽ ይቻላል።

ፎቶግራፍ። ከተፈጥሮ ከተነሡት ፎቶግራፎች መካከል እስከ ዛሬ የቆየው የመጀመሪያው፣ ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ በ1826 ወይም 1827 በለግራ ከመስኮቱ ያነሣው ሲሆን የተነሣው በፒውተር ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳው ብርሃን ሲነካው በሚጠነክር የሬንጅ ዓይነት ተቀብቶ ነበር። ዛሬ የሚገኘው በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኦስተን ነው።

የሳሚ ሕዝብ ጥልፍ። በሰሜን ስካንዲኔቪያ የሚኖሩት ሳሚዎች ቆርቆሮን ወደ ቀጭን ክር እየሳቡ በቆዳ አምባርና በልብስ ላይ ይጠልፉበታል። በቀድሞው ዘዴ ክሩ የሚሳበው በአጋዘን ቀንድ ላይ በተበሱ፣ እየጠበቡ በሚሄዱ ቀዳዳዎች ነበር። ዛሬ ብዙ ጊዜ ጥቂት ብር ይቀላቀልበታል።

እስያ። በቻይና የፒውተር የሻይ ቅጠል ማስቀመጫ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ክዳኑ ጥብቅ ስለሚሆን ሽታና እርጥበት አያስገባም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ማላያ የዓለም ታላቅ የቆርቆሮ አምራች ስትሆን ከቻይናዋ ሻንቶው የመጣው ዮንግ ኩን በ1885 በኩዋላ ላምፑር ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ የሠራው ለቤተ መቅደስ የሚሆኑ የዕጣን ማጨሻዎችንና መቅረዞችን ነበር። ያ ትንሽ ሱቅ ዛሬ ሮያል ሰላንጎር የተባለ ታዋቂ የፒውተር ኩባንያ ሆኗል፤ በማሌዥያም ፒውተር እንደ አገር ባህላዊ ዕቃ ይታያል።

ጤናና ፒውተር

ቆርቆሮ ራሱ ለምግብ ዕቃ አደገኛ አይደለም፤ ችግሩ እርሳስ ነው። ኮምጣጤ፣ ወይን፣ የሎሚ ጭማቂና ሌላ ኮምጣጣ ነገር እርሳስ ባለበት ዕቃ ውስጥ ሲቆይ እርሳሱን እያሟሟ ወደ ምግቡ ያስገባዋል። እርሳስ በሰውነት ውስጥ በተለይም በአጥንት እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ የነርቭ ሥርዓትን፣ ኩላሊትንና ደምን ይጎዳል። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ይበልጥ ይጋለጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት እንደማያደርስ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም ይላል።

አውሮፓውያን ቲማቲምን ለረጅም ጊዜ የፈሩት በፒውተር ሳህን በልተው ስለሞቱ ነው የሚል ታሪክ አለ። ታሪኩ ብዙ አያስኬድም፤ የእርሳስ መርዝ በአብዛኛው ለዓመታት ሲጠራቀም የሚጎዳ እንጂ በአንድ ገበታ የሚገድል ስላልሆነ፣ በጊዜው የነበረ ሰው ጥፋቱን ከቲማቲም ጋር ማያያዝ ይከብደው ነበር። ፍርሃቱ ቲማቲም መርዛማ ከሆኑ ተክሎች ጋር አንድ ቤተሰብ በመሆኑ የመጣ ነው ማለት ይበልጥ ያሳምናል።

ዛሬ ለገበታ የሚሸጥ ፒውተር ከእርሳስ ነጻ እንዲሆን ይጠበቃል። የአውሮፓ መመዘኛ የሚፈቅደው የእርሳስ መጠን ከ0.25 በመቶ አይበልጥም። በኤሌክትሮኒክስም ተመሳሳይ ለውጥ መጥቷል፤ የአውሮፓ ኅብረት ሐምሌ 1 ቀን 2006 በሥራ ላይ ባዋለው ሕግ በአብዛኞቹ አዳዲስ ዕቃዎች ውስጥ እርሳስን ስለገደበ፣ የቀድሞው መበየጃ በቆርቆሮ፣ በብርና በመዳብ ቅይጥ ተተክቷል። ይህ አዲስ መበየጃ የሚቀልጠው በ217 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በይዘቱም ከእርሳስ ነጻ የሆነውን ፒውተር ይመስላል።

ከአሮጌ ገበያ፣ ከውርስ ወይም ከውጭ አገር በስጦታ የመጣ ፒውተር ሲያጋጥም የሚከተሉትን ማወቅ ይጠቅማል።

• ዕቃው በነጭ ወረቀት ላይ ሲታሸ እንደ እርሳስ ግራጫ መስመር ከተወ ብዙ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። መስመር አለመተዉ ግን እርሳስ የለበትም ለማለት አያበቃም።
• በጣም የከበደና የጠቆረ ዕቃ ያጠራጥራል።
• ይዘቱ ያልታወቀ አሮጌ ዕቃ ለጌጥ ብቻ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ በተለይ ወይን፣ ጠጅ፣ ጭማቂ ወይም ሌላ ኮምጣጣ ነገር ሊቀመጥበት አይገባም።
• አሮጌ ዕቃን በቤት ውስጥ ማቅለጥ ወይም በደረቁ መፋቅ አቧራውንና ጭሱን ወደ ሳንባ ያስገባል።

አያያዝ

ፒውተር እሳት ላይ አይጣድም፤ ምድጃ ውስጥም አይገባም። ባዶ ዕቃ ኤሌክትሪክ ምጣድ ወይም ምድጃ ላይ ቢረሳ ሊቀልጥ ይችላል። የሚታጠበው በእጅ፣ በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ነው፤ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ገጹን ያበላሸዋል። በቀድሞ ዘመን አውሮፓውያን የቤት እመቤቶች ለማጽጃ የሚጠቀሙበት በግንዱ ውስጥ ደቃቅ የሲሊካ ቅንጣት ያለው ኢክዊሴተም የተባለ ተክል ነበር፤ ከዚህም የተነሣ በእንግሊዝኛ የተክሉ አንዱ ስም በፒውተር ተሰይሟል።

ፒውተር በአሁኑ ጊዜ

ዛሬ ፒውተር የሚሠራው በአብዛኛው ለስጦታ ዕቃ፣ ለዋንጫ፣ ለጌጣጌጥ፣ ለቀበቶ ማያያዣና ለትናንሽ ምስሎች ነው። በፊልሙ ዓለም የታወቀው የኦስካር ሐውልትም ለብዙ ዓመታት በወርቅ የተለበጠ ብሪታኒያ ሜታል ነበር፤ ከ2016 ጀምሮ ግን ከነሐስ ይሠራል። ቆርቆሮ ራሱ በዓለም ገበያ ይበልጥ የሚፈለገው አሁን ለሳህን ሳይሆን ለኤሌክትሮኒክስ መበየጃ ነው። ድሮ ገበታውን የሞላው ብረት ዛሬ በየስልኩና በየኮምፒውተሩ ውስጥ ክፍሎችን ከክፍሎች እያያያዘ ይገኛል።